የዌንደል ስታምፐር ስንብት

እኔ ንዴታም ሴት ነኝ፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። በካውንቲያችን ፍርድ ቤት ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ክፍል አጠገብ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የቀድሞ ወታደሮችን ወረቀት ሞልቻለሁ። ባሌ ከቬትናም ሲመለስ አንድ ቅጽ የሚሞላለት ሰው አጥቶ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አይቼ ነው ሥራው ውስጥ የገባሁት። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተናዷል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም ነው። ዌንደል ስታምፐር ግን እየሳቀ ነበር የመጣው።

ዌንደል የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ነው። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሆኖም ደረጃውን ወርዶ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። ካውንቲያችን ውስጥ እሱን የማያውቅ ሰው የለም። የአንዲት መበለት ጣሪያ ሲያፈስ የሚጠራው እሱ ነው። ዓርብ ዓርብ በቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ አሳ የሚጠብሰው እሱ ነው። ሽማግሌ ወታደር ሲሞት በቀብሩ ላይ ጠመንጃ ይዘው ከሚሰለፉት ሰባት ሰዎች መካከልም አንዱ እሱ ነበር፤ ባሌንም ስንቀብር ቆሟል።

«ሚስ ኦፓል፣ ትንሽ ስህተት ተፈጥራለች፤ እርስዎ በአንድ ስልክ ያስተካክሏታል» አለኝ።

«የማን ስህተት?»

«የሆስፒታሉ። ሳንባዬን እንዲያዩልኝ ወደ ወታደሮቹ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። መዝገብ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን አስገባችና ‹ጌታዬ፣ ስንብትዎ ከክብር ውጭ ነው የሚለው፤ እኛ ልናክምዎ አንችልም› አለችኝ። አሮጌው ወረቀት ነው የወጣላት። እሱ እኮ በስድስት ወሩ ተቀይሯል።»

«ማን ቀየረው?» አልኩት።

«በራሱ ነዋ። ስድስት ወር ሲሞላው በራሱ ወደ ክብር ስንብት ይዞራል።»

ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልንገራችሁ? ከባሌ እኩዮች ሰምቼዋለሁ፤ ከልጆቻቸውም ሰምቼዋለሁ። በየጦር ሰፈሩ የሚወራ ወሬ ነው። ልጁን መጥፎ ወረቀት ላይ ሲያስፈርሙት አንዱ ጠጋ ይልና «አይዞህ፣ በስድስት ወሩ ይስተካከላል» ይለዋል። ልጁም እናቱ ፊት የሚቀርብበት ነገር ስለሚፈልግ ያምናል። ውሸት ነው። በራሱ የሚቀየር ወረቀት የለም። ማመልከቻ ጽፈህ፣ ማስረጃ ሰብስበህ፣ ገምጋሚ ቦርድ ፊት ቀርበህ ነው፤ ያውም ከቀናህ። ለዚያ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ነው የሚሰጥህ፤ ዌንደል አሥራ አራቱን አሳ እየጠበሰ ጨርሶታል።

ይህን ስነግረው መጀመሪያ የምቀልድበት መሰለው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አይ፣ ሚስ ኦፓል። ሌስተር ነው እኮ የነገረኝ።»

ሌስተር ኮምብስ የአዳራሻችን ሊቀ መንበር ነው። ኢራቅ ውስጥ የዌንደል ሳጅን ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ሸለቆ የወጡ ልጆች ናቸው። ሙሉ ዘመኑን አገልግሎ በጡረታ ሲመለስ ለዌንደል ሚዜ ሆኖ ዳረው፣ ማኅበሩ ውስጥም ወረቀት ሳይጠይቅ አስገባው። እንዲያውም ሌላው ሰው ወረቀት ሲጠየቅ ዌንደልን «የዚህኛው ወረቀት እኔ ነኝ» እያለ ትከሻውን ይመታው ነበር። ሁላችንም እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ስንብቱ እንዴት እንደመጣ ዌንደል እዚያው ወንበር ላይ ነገረኝ። ከኢራቅ ተመልሰው ቴክሳስ ጦር ሰፈር እያሉ፣ በሚያዝያ፣ የእኛ ወንዝ ሞላ። ያን ጎርፍ ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ የእኔን የዶሮ ቤት ከነዶሮው ወስዶታል። የዌንደልን እናት ቤት ደግሞ ከመሠረቱ ነቅሎ መንገድ ላይ አስቀመጠው። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት። ዌንደል ሌስተር ጋ ሄዶ ፈቃድ ለመነ። ሌስተርም «ሂድ፤ ዛሬውኑ ሂድ። ወረቀቱን እኔ አስገባዋለሁ» አለው። ሄደ። ከጎረቤት ጋር ሆኖ ጭቃ ጠረገ፣ ቤቱን በክሬን አስነሥቶ በብሎኬት ላይ መልሶ አቆመ። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ሊመለስ ተነሣ፤ ሌስተር በስልክ «አትቸኩል፣ የእናትህን ነገር ጨርስ፤ እዚህ ሁሉም ነገር በእጄ ነው» አለው። በሠላሳ አራተኛው ቀን ሲመለስ ግን በሩ ላይ እጁን በሰንሰለት አስረው ተቀበሉት። ከሠላሳ ቀን በላይ የጠፋ ወታደር ከዳተኛ ይባላል። የፈቃድ ወረቀት የሚባል ነገር መዝገቡ ላይ አልነበረም።

«ሌስተር ምን አለ?» አልኩት።

«ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ጠፋ አለኝ። አልቅሶ ነው የነገረኝ፣ ሚስ ኦፓል። ችሎት ከቀረብክ ትታሰራለህ፣ ፈርመህ ውጣ፣ በስድስት ወሩ ይስተካከላል አለኝ። የእሱን ስም እንዳላነሣ ለመነኝ፤ የማዕረግ እድገቱ ደርሶ ነበር። እኔም ምን ቆርጦኝ አነሣዋለሁ? ውለታ የዋለልኝ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ቀላል ነው» አልኩት፤ እውነትም ቀላል መስሎኝ ነበር። «ሌስተር ‹ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ› ብሎ አንድ ገጽ ይጻፍልህ። ቦርዱ ከዚያ በላይ ምንም አይፈልግም።»

«ዛሬ ማታ ይጽፈዋል» አለ ዌንደል። ፊቱ በራ።

ዛሬ ማታ የተባለው ስድስት ሳምንት ሆነ። ሌስተር አንዴ እጄን አሞኛል ይላል፣ አንዴ መነጽሬ ጠፋ ይላል። አንድ ዓርብ አዳራሹ ሄጄ ሳህኔን እንደያዝኩ አጠገቡ ቆምኩ።

«ሌስተር፣ የዌንደል ደብዳቤ የታል?»

«ኦፓል፣ አሳሽን ብይ፤ ይቀዘቅዝብሻል።»

«አሳው ይቀዝቅዝ። ልጁ መተንፈስ እያቃተው ነው።»

«ልጽፍለት ነው አልኩ እኮ። አንቺ ሴትዮ ባልሽንም እንዲህ ነበር የምታጣድፊው?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሳቁ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ዌንደል ከመጥበሻው በስተጀርባ ሆኖ እያሳለ ይስቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከቤተ መዛግብት የጠየቅሁት የዌንደል ፋይል መጣ፣ ወፍራም ቡናማ ፖስታ። ብቻዬን ከፈትኩት። ክትባቱ አለ፣ የመኪና ፈቃዱ አለ፣ ኢራቅ ውስጥ ጦር ሰፈሩ ቆሻሻ ከሚያቃጥልበት ጉድጓድ አጠገብ ስምንት ወር ዘብ መቆሙም አለ። ከሥር አንድ ገጽ በእጅ የተጻፈ ቃል ነበር። «ወታደር ስታምፐር ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆኝ ከልክየዋለሁ። ያለ እኔ ፈቃድ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አላውቅም፤ ድምፁንም አልሰማሁም። ሳጅን ሌስተር ኮምብስ።» ቀኑም አለበት፤ ሚያዝያ ሃያ ስምንት።

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ልደብቀው ሁሉ አስቤ ነበር። ግን የሰውዬው ፋይል ነው፤ ደግሞ ቦርዱ እጅ ውስጥም ቅጂው አለ። በማግስቱ ዌንደልን ጠርቼ ሰጠሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። እጅ ጽሕፈቱን አላውቀውም አላለም፤ የአዳራሹን የአሳ ሒሳብ በዚያው ጽሕፈት ሲያየው ኖሯል። ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈ።

«ሃያ ስምንት የእናቴን ቤት ብሎኬቱ ላይ ያቆምንበት ቀን ነው» አለ። «ያን ቀን ደውሎልኛል። እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ክሬኑ መጣች። ‹ቤቱ ቆመ?› አለኝ። ቆመ አልኩት። ‹እንግዲህ አትቸኩል፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይ› አለኝ። ያን ቀን ብመለስ እኮ ገና አሥራ ሰባት ቀኔ ነበር፣ ሚስ ኦፓል። ከዳተኛ አልባልም ነበር።»

ኮቴንና የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ።

መኪናዬን አስነሥቼ አብረን ሄድን፤ ብቻውን ልልከው አልቻልኩም። ሌስተር ጋራዡ ውስጥ የአሳ ማጥመጃ ገመድ ሲጠቀልል አገኘነው። ዌንደል ወረቀቱን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ሌስተር አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዌንደል፣ ሻምበሉ ፈቃድ በሙሉ ከልክሎ ነበር። እኔ ደግሞ ሂድ ብዬሃለሁ። ሻምበሉ ጠርቶኝ ‹ፈቅደህለታል ወይ?› ብሎ ወረቀት ፊቴ ላይ ጣለ። የእድገት ቦርዴ በሳምንቱ ነበር። ሚስቴ ሜሊሳ አርግዛ ነበር።»

«ስልኩስ?» አለ ዌንደል። «ለምን ቆይ አልከኝ?»

«ብትመለስ ትናገርብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ጊዜ ላገኝ ነው እንጂ ቀኑን አልቆጠርኩትም። በእግዚአብሔር አልቆጠርኩትም።»

«የስድስት ወሩንስ ነገር?»

«ያኔ ሁሉም ሰው ይለው ነበር እኮ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ፣ ሳጅን። ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

ሌስተር ገመዱን አስቀመጠ። «አውቅ ነበር» አለ።

እንግዲህ ይታያችሁ። አሥራ አራት ዓመት አለፈ፤ ሰውዬው በጡረታ ከተመለሰ ወዲህ ዌንደል አጠገብ ቁጭ ብሎ አሳ ሲያጠምድ፣ ሠርጉ ላይ ጽዋ አንሥቶ «ከዚህ የተሻለ ወታደር አላየሁም» ሲል፣ አንዲት ቀን «ወንድሜ፣ ወረቀትህን አሳይ» አላለውም። ለወሬ ያህል ነግሮት ቢሆን ኖሮ በጊዜው ያመለክት ነበር፤ እናቱም ያኔ በሕይወት ነበረች፣ ስለ ስልኩ ትመሰክርለት ነበር። ይህንኑ ለሌስተር አንድ በአንድ ነገርኩት፤ አልጨረስኩም፣ ዌንደል ክንዴን ያዘኝ።

«ሚስ ኦፓል፣ ይተዉት። ሳጅን፣ ያለፈው አልፏል። ቦርዱ ፊት መጥተህ እውነቱን ትናገርልኛለህ?»

«እናገራለሁ» አለ ሌስተር። እንባው ይወርድ ነበር። «ፊት ለፊት እናገራለሁ። ይሄን ነገር አሥራ አራት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።»

ተቃቀፉ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጠበቅሁ። ዌንደል ሲመለስ «ከባዱ አለፈ» አለኝ፤ ያመነውን ያህል አመንኩት።

የቦርዱ ችሎት በሰኔ ነበር፤ በፍርድ ቤቱ ፎቅ ላይ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን፣ አምስት መኮንኖች ከዋሽንግተን ይታዩናል። ዌንደል የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ነበር፤ ሰውነቱ ስለሟሸሸ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ሚስቱ ክሪስታል አጠገቡ ናት። ሌስተር የማኅበሩን ኮፍያ አድርጎ፣ ሜዳዩን ደርድሮ መጣ። ዓይኔን ሲሸሽ አይቻለሁ፤ ሐፍረት ነው ብዬ ተርጎምኩት።

ዌንደል ታሪኩን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ሰብሳቢዋ ኮሎኔል በትዕግሥት ጠበቀችው። ደህና ሴት ትመስላለች። ቀጥሎ ሌስተር ማለ። ስለ ዌንደል ተናገረ። ከየትኛውም ቀብር ቀርቶ እንደማያውቅ፣ ለመበለቶች ጣሪያ እንደሚጠግን፣ ጦር ሜዳ ላይ ጠባቂው እንደነበር አሳምሮ ተናገረ። ክሪስታል ታለቅስ ነበር። እኔ ግን ዋናውን እየጠበቅሁ ነበር።

«አቶ ኮምብስ» አለች ኮሎኔሏ፣ «እጄ ላይ በሚያዝያ ሃያ ስምንት የሰጡት ቃል አለ። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«አመልካቹ እንዲሄድ እርስዎ እንደፈቀዱለት ይናገራል። ይህ ቃልዎ ትክክል አይደለም ማለት ነው?»

ሌስተር ኮፍያውን ከጠረጴዛው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ዌንደል ዞሮ ያየው ነበር፤ አገጩን በትንሹ ነቅነቅ አደረገለት፣ በርታ እንደሚሉት።

«ያኔ የጻፍኩት እንደተጻፈው ነው» አለ ሌስተር።

«ያን ቀን ስልክ ደውለውለት ነበር?»

«ብዙ ጊዜ አልፏል፣ እመቤቴ። አላስታውስም።»

ተነሥቼ የጋራዡን ነገር ተናገርኩ፤ ኮሎኔሏ ድምፄን እንድቀንስ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። «ምስክሩ ራሱ እዚህ ተቀምጧል፣ ወይዘሮ ፉጌት፤ ጠይቀነዋል» አለችኝ፣ በባሌ ስም ጠርታ። ምን ትበል? ልክ ናት። ዌንደል የሚጨምረው እንዳለ ሲጠየቅ ከሌስተር ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «የለኝም» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ሌስተርን እጁን ይዤ አቆምኩት።

«ሰው ጠየቅሁ፣ ኦፓል» አለኝ። «የሐሰት ቃል ሰጥቻለሁ ካልኩ ጡረታዬን ሊነኩት ይችላሉ አሉኝ። እኔም ቤተሰብ አለኝ። ጥሩ ሰው ነው ብያለሁ እኮ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ» አልኩት። ሌላም ብያለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝና አልደግመውም። ሊመጣ ባይፈልግ እኮ ይቀር ነበር። ባይመጣ ኖሮ በዌንደል ቃልና በዚያች አሮጌ ገጽ መካከል ቦርዱ ምናልባት ይራራ ነበር። ሰውዬው ሜዳዩን ደርድሮ መጥቶ፣ በገዛ አፉ አረጋገጣት።

ውሳኔው በመስከረም መጣ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱ ሦስት መስመር ነው። የቀድሞ አለቃው በአካል ቀርቦ የቀደመ ቃሉን እንዳጸና ይናገራል። ሆስፒታሉንም በሌላ መንገድ ሞከርኩት፤ እዚያም ይህንኑ ሦስት መስመር ጠቅሰው መለሱን። ዌንደል ያን ሁሉ ሰምቶ ወደ አውቶቡሶቹ ተመለሰ፤ ሥራውን ዱካ ላይ ተቀምጦ ይሠራው ጀመር።

በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ይህኛው ከአዳራሹ ነው። በክብር ያልተሰናበተ ሰው አባል መሆን እንደማይችል፣ የቦርዱ ውሳኔ ስለታወቀ ደንቡ እንደሚያስገድድ፣ ቁልፉንና የሰልፍ ጃኬቱን እንዲመልስ ይላል። «በታላቅ ሐዘን፣ ሌስተር ኮምብስ፣ ሊቀ መንበር።»

«ሌስተር ጋ ልሂድ?» አልኩት። ጫማዬን እየቀየርኩ ነበር።

«አይሂዱ» አለ ዌንደል። «ይልቅ አብረውኝ ፎቅ ይውጡ።»

እኛ አገር ከጦር የተመለሰ ሰው የስንብት ወረቀቱን ፍርድ ቤት አምጥቶ በካውንቲው መዝገብ ያስገባል። አባቶቻችን እንዲህ አድርገዋል፣ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ መጥተው ያያሉ። መጥፎ ወረቀት ያለው ሰው ግን አያመጣም፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንድም አላየሁም። ዌንደል ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አረፈ። መስኮቷ ጋ ስንደርስ ለመዝገብ ጸሐፊዋ ለጃኒስ ሦስት ነገር ሰጣት። የስንብቱ ወረቀት አለ፣ የሌስተር የሚያዝያ ሃያ ስምንት ቃል አለ፣ ራሱ በእጁ ጽፎ ባንክ ቤት በሚሠራ የሰነድ አረጋጋጭ ፊት የማለበት አንድ ገጽ አለ። ገጹ ላይ ስለ እናቱ ቤት፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ጋራዡ ጽፎበታል።

ጃኒስ አነበበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዌንደል፣ የኔ ወንድም፣ ይሄን ማንም አያስገባም። አንዴ ከገባ እኮ አይወጣም። ልጅህ አድጋ ብታየውስ?»

«እንድታየው ነው» አለ።

«አዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«ይየው።»

ጃኒስ ወደ እኔ አየች። ማኅተሟን አነሣች፣ ሦስቱንም ገጽ መታች። ከዚያ የስም ማውጫውን ከፈተች፤ መዝገቡን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በእሱ ነው።

«በማን ስም ልክተተው? በስታምፐር?»

ዌንደል መስኮቷን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀ።

«በስታምፐርም ጻፊው» አላት። «በኮምብስም ጻፊው። ሌስተር ብለሽ፣ ሙሉ ስሙን።»

ጃኒስ ብዕሯን እንደያዘች ቀረች። እኔም የሌስተርን ስም ፊደል በፊደል ነገርኳት።